ቴሌቪዥኑ ይቆይ፣ መጀመሪያ ንግግሩ ይሰማ

ጥያቄ

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ? የምንኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና እናቴ። ቅዳሜ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ፊልም እናያለን። እናቴ የድሮ የሕንድና የአማርኛ ፊልም ትወዳለች፣ ባለቤቴ ደግሞ አክሽን። አሁን ያለን ባለ 50 ኢንች ፎርኬ ስማርት ቲቪ ነው፣ አራት ዓመት ሆነው። ከሶፋው እስከ ቲቪው ሁለት ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ሰሞኑን ዕቁብ ደርሶን 180 ሺህ ብር አለን። ባለቤቴ በሙሉ ባለ 75 ኢንች እንግዛበት ይላል። እኔ ግን የሚያስቸግረን ድምፁ ነው ባይ ነኝ። እናቴ በየደቂቃው «ምን አለ?» ትላለች፤ ድምፅ ስንጨምር ደግሞ ሙዚቃው ሲመጣ ልጆቹ ይነቃሉ፣ ጎረቤትም ግድግዳ ይመታል። የባለቤቴ ጓደኛ «ፕሮጀክተር ግዙና ተገላገሉ» ይላል። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ለፋሲካ ይመጣልና «ሪሲቨር (የዲሹ ሳይሆን ስፒከሮችን የሚያንቀሳቅሰው ማጉያ) እና ስፒከር በቅናሽ አግኝቻለሁ፣ ላምጣ ወይ?» እያለ ነው። ከየት እንጀምር?

የቅዳሜዋ፣ ከሰሚት

መልስ

እህቴ፣ መልሱን ከፊት ልንገርሽ፤ ድምፁ ይቅደም። ባለቤትሽ ተሳስቷል ማለቴ አይደለም፣ ወደ እሱ ሐሳብ እመለሳለሁ። ግን እናትሽ ግማሹን ንግግር ሳይሰሙ የሚያዩት ፊልም ስክሪኑ ስለሰፋ አይሰማቸውም። ስለዚህ ከእሳቸው ጆሮ እንነሳ።

ንግግሩ የማይሰማበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። የዛሬ ቴሌቪዥን ቀጭን ነው፣ ስፒከር ደግሞ አየር የሚገፋበት ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ስለሌለ ትንንሽ ስፒከር ይሠሩና ከሥር ወይ ከጀርባ ይደብቁታል። ድምፁ ወደ እናንተ ሳይሆን ወደ ቡፌውና ወደ ግድግዳው ይሄዳል፣ ከዚያ ነጥሮ ነው የሚደርሳችሁ። ፊልሙም የራሱ ጣጣ አለው። ለሲኒማ ቤት የተሠራ ፊልም ውስጥ በሹክሹክታውና በፍንዳታው መካከል ያለው ልዩነት ሆን ተብሎ ሰፊ ይደረጋል። አዳራሽ ውስጥ ይሄ ያስደስታል። ሳሎን ውስጥ ግን ሪሞት ይዞ ሲጨምሩ ሲቀንሱ ማምሸት ነው።

በዚያ ላይ አብዛኞቹ የውጭ ፊልሞች ድምፃቸው የሚቀናበረው 5.1 በሚባለው መንገድ ነው። ከፊት ሦስት ስፒከር፣ ከጎን ወይም ከኋላ ሁለት፣ አንድ ደግሞ ለባስ። ንግግሩ በአብዛኛው የሚቀመጠው ከፊት መሃል ባለው፣ ሴንተር በሚባለው ስፒከር ላይ ነው። የእናንተ ቲቪ ሴንተር ስለሌለው ንግግሩን፣ ሙዚቃውን፣ ዝናቡን፣ የመኪናውን ጩኸት ሁሉ ደባልቆ በሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ያወጣዋል።

ዕድሜም አለ። ሰው ሲያረጅ የመስማት አቅሙ መጀመሪያ የሚደክመው በቀጫጭን ድምፆች ላይ ነው። እንደ «ስ»፣ «ፍ»፣ «ሽ» ያሉ ድምፆች ናቸው ቀድመው የሚያመልጡት፣ ቃልን ከቃል የሚለዩት ደግሞ በአብዛኛው እነሱ ናቸው። እናትሽ ሰውዬው መናገሩን ይሰማሉ፣ ምን እንዳለ ግን አይለዩም። ድምፅ ስትጨምሪላቸው ወፍራሙም አብሮ ይጨምራል። ጎረቤት ግድግዳ እየመታ እሳቸው አሁንም «ምን አለ?» የሚሉት ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ አንድ ቀን ጆሯቸውን ሐኪም ዘንድ አስመርምሪላቸው፣ አንዳንዴ የጆሮ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል፣ እሱ ደግሞ በአንድ ቀጠሮ ያልቃል።

አሁን አንድ ብር ሳታወጪ ዛሬ ማታ የሚደረገውን ልንገርሽ። ሪሞቱን ያዢና የቲቪውን የድምፅ ሜኑ ክፈቺ። ንግግርን የሚያጎላ ምርጫ አለ፤ በአንዳንዱ ቲቪ ክሊር ቮይስ፣ በሌላው አምፕሊፋይ ይባላል። እሱን አብሪው። ናይት ሞድ የሚል ካገኘሽ እሱንም ሞክሪው፤ ትልቁን ድምፅ ዝቅ፣ ትንሹን ከፍ ያደርጋል። ልጆቹ የሚነቁበትን የሙዚቃ ድንገተኛ ጩኸት በደንብ ይቀንሰዋል።

እግረ መንገድሽን ሥዕሉንም አስተካክይው። ብዙ ሰው ቴሌቪዥን ገዝቶ ከካርቶን ሲያወጣው በነበረበት ሁኔታ ዓመታት ያየዋል። ቪቪድ የሚለው ምርጫ የተሠራው ሱቅ ውስጥ፣ በኃይለኛ መብራት መሃል፣ ካጠገቡ ካለው ቲቪ በልጦ ዓይን እንዲስብ ነው። እሱም ሆነ ስታንዳርድ የሚለው ቤት ውስጥ ማታ ሲታዩ ሰማያዊነት ይበዛባቸዋል፣ የሰው ፊት ቀለሙን ያጣል። ሲኒማ ወይም ፊልምሜከር ሞድ የሚል ፈልጊ። ፊልምሜከር ሞድ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ የጋራ ስምምነት ነው፣ ፊልም ሠሪዎችና የቴሌቪዥን አምራቾች ተነጋግረው ያመጡት። ስትቀይሪው መጀመሪያ ቢጫ ይመስልሻል። ጥቂት ማታ ታገሡት፣ ዓይን ይለምደዋል፣ ከዚያ በኋላ የድሮው ነው የሚያስጠላችሁ።

ከዚያ እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን ነገር አጥፊው። ሳምሰንግ ላይ ፒክቸር ክላሪቲ፣ ኤልጂ ላይ ትሩሞሽን፣ ሶኒ ላይ ሞሽንፍሎው ይባላል። ፊልም የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ምስል ነው። ቴሌቪዥኑ በመሃል የሌሉ ምስሎችን ከራሱ እየፈጠረ ይጨምርና ፊልሙ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸ ድራማ ይመስላል። «ቲቪያችን ጥሩ ነው፣ ግን ፊልሙ ፊልም አይመስልም» የሚል ሰው በአብዛኛው ችግሩ ይሄ ነው። ቶም ክሩዝ ሳይቀር በዲሴምበር 2018 ይህንኑ አጥፉ ብሎ በቪዲዮ ተመልካቹን ለምኗል። ለኳስ ከፈለጋችሁት ለኳስ ብቻ ይብራ።

ቀጥሎ ሳሎኑ። ሰው መሣሪያ ሲገዛ ክፍሉን ይረሳል፣ እኔን በጣም የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ሳሎኑ መሃል ቁሚና አንዴ ጠንከር አድርገሽ አጨብጭቢ። ጭብጨባው ወዲያው ከቆመ ጥሩ ነው። ከጭብጨባው በኋላ ቀጭን ንዝረት ከግድግዳ ግድግዳ ሲመላለስ ከሰማሽ ግን የፊልሙም ንግግር እንደዚያው እየተመላለሰ ነው ማለት ነው፤ አንዱ ቃል ሳያልቅ የፊተኛው ማሚቶ ይደርስበታል። ኮንዶሚኒየም ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ ልስን፣ መስኮቱ መስታወት። የመቶ ሺህ ብር ስፒከር እዚያ ብታስገቢ ያው ማሚቶ ነው የሚያወጣው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በሶፋውና በቲቪው መካከል ወፈር ያለ ምንጣፍ አንጥፉ። መስኮቱ ላይ ስሱን ሳይሆን ወፍራም፣ ከላይ እስከ ወለል የሚደርስ መጋረጃ ስቀሉ፤ ሰፋ ተደርጎ እጥፋት እንዲበዛው አሰፊው። ከሶፋው ጀርባ ያለው ግድግዳ ባዶ ከሆነ የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ ወይም የተሸመነ ነገር ብታንጠለጥሉበት ይረዳል። ሶፋው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ከሆነ ትንሽ ሳብ አድርጉት፣ 30 ሳንቲሜትር እንኳ ለውጥ አለው። መጋረጃው ደግሞ ድምፁን ብቻ አይደለም የሚያስተካክለው፣ የውጭ መብራቱንም ይይዛል፣ ጨለማ ትዕይንቶች ያኔ ነው የሚታዩት።

ቲቪው ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ከሆነ ዝቅ አድርጉት። ቤታችን ውስጥ ቴሌቪዥን እንደ ግድግዳ ሰዓት ከላይ መስቀል ተለምዷል። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከወለል አንድ ሜትር ገደማ ላይ ነው። የስክሪኑ መሃል ከዚያ ብዙ መራቅ የለበትም። እናትሽ ሁለት ሰዓት ተኩል የሕንድ ፊልም አንገታቸውን ቀና አድርገው ሲያዩ ማደር የለባቸውም።

አሁን ወደ ግዢው። ለእናንተ የምመክረው ሳውንድ ባር፣ ማለትም ከቲቪው ሥር የሚቀመጥ ረጅም ስፒከር ነው፣ ግን ማንኛውንም ሳውንድ ባር አይደለም። ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር እይ። 2.1 የሚል ከሆነ ግራና ቀኝ እና ባስ አለው፣ የራሱ ሴንተር የለውም፣ ስለዚህ የእናትሽን ችግር በግማሽ ነው የሚፈታው። 3.1 ማለት ግራ፣ ቀኝ፣ መሃል እና ባስ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ቢያንስ ይሄን ነው። 5.1 ከሆነ የኋላዎቹም ይጨመራሉ። ሦስተኛ ቁጥር ያለው፣ ለምሳሌ 5.1.2 የሚል፣ የመጨረሻዋ ቁጥር ወደ ላይ የሚያወጡ ስፒከሮችን ነው የምትቆጥረው፣ ለዶልቢ አትሞስ። አትሞስ ድምፅ ከላይም ጭምር እንዲሰማ የሚያደርግ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ለሲኒማ ቤት የመጣ ዘዴ ነው። ደስ ይላል፣ ግን እናንተ ለምታዩት ነገር የግድ አይደለም። በዚያ ገንዘብ ጥሩ ሴንተር ያለው 3.1 ይሻላል።

የዋት ቁጥር አያታልላችሁ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «2000 ዋት» ተብሎ ይጻፋል፣ ከጎኑ ፒኤምፒኦ የሚል ካለ ያ ቁጥር ለማስታወቂያ የተነፋ ነው። አርኤምኤስ የሚለውን ፈልጉ፣ እሱ ሳይቋረጥ መስጠት የሚችለውን ነው የሚናገረው። ደግሞ ሁለት ሜትር ተኩል ላይ ለተቀመጠ ሰው የጉልበት ጉዳይ አይደለም፣ የጥራት ጉዳይ ነው።

ሱቅ ስትሄዱ በባዶ እጃችሁ አትሂዱ። እናትሽ የሚወዱትን ፊልም፣ ሁለት ሰው ቀስ ብለው የሚያወሩበትንና ከሥሩ ሙዚቃ ያለበትን ቦታ፣ በፍላሽ ያዙ። ሻጩ መጀመሪያ የሚያሰማችሁ ባስ የሚደልቅ ዘፈን ነው፣ ሱቁ ሁሉ ሲንቀጠቀጥ «ዋው» ትላላችሁና ትገዛላችሁ። በትህትና «እሱን ተወውና ይህቺን ክፈትልን» በሉት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አስደርጊ፣ በጣም ዝቅ፣ ማታ ልጆች ተኝተው የምትሰሙበትን ያህል። ዓይንሽን ጨፍኚ። እያንዳንዱ ቃል ከመሃል፣ ከተናጋሪው አፍ የሚወጣ ከመሰለሽ ጥሩ ነው። ቢቻል እናትሽን ራሳቸውን ይዛችኋቸው ሂዱ፣ ከሻጩም ከእኔም በላይ የሚፈርዱት እሳቸው ናቸው። ባለቤትሽም ይኑር። ከዚህ በኋላ ስለ ቅደም ተከተሉ ብዙ የምትከራከሩ አይመስለኝም።

ቤት ስትገጥሙት በኤችዲኤምአይ ገመድ ይሁን፣ ቲቪው ጀርባ ላይ ኤአርሲ (ARC) ወይም ኢኤአርሲ (eARC) ተብሎ የተጻፈበት ቀዳዳ ላይ። ሌላው ቀዳዳ ላይ ከሰካችሁት ድምፅ አይወጣም፣ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ የሚመልሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። በብሉቱዝ አታገናኙት፣ ድምፁ ከአፍ እንቅስቃሴ ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። ንግግርና ከንፈር ካልገጠሙ ሜኑው ውስጥ የድምፅ ማዘግያ አለ፣ በትንሽ በትንሹ እያስተካከላችሁ እዩት።

የባሱ ሳጥን ነገር ደግሞ የጎረቤት ነገር ነው። ባስ በአየር ብቻ አይሄድም፣ በወለሉ ኮንክሪት ነው ታች ቤት የሚወርደው። ማዕዘን ውስጥ አትወሽቁት፣ ማዕዘን ባስን ያበዛዋል። ከሥሩ ወፍራም ላስቲክ ወይም ጠንካራ ስፖንጅ አድርጉለት። መጠኑን ከምታስቡት በላይ ዝቅ አድርጉት፣ ባሱ መኖሩን ሲጠፋ ብቻ የምታውቁበት ልክ ጥሩ ልክ ነው። ጎረቤታችሁንም አንድ ቅዳሜ ቡና ጠርታችሁ «ይሰማችኋል ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው ግድግዳ መምታቱ ይቀራል።

የድሮዎቹ ፊልሞች አብዛኞቹ ዩቲዩብ ላይ በሁለት ቻናል ድምፅ ነው ያሉት፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ በአንድ። ሴንተሩ ለእነሱ አይጠቅምም ብለሽ እንዳትሰጊ። ጥሩ ሳውንድ ባር ዶልቢ ሰራውንድ ወይም ተመሳሳይ ምርጫ አለው፤ በግራና በቀኝ እኩል የሚሰማውን ድምፅ፣ ማለትም በአብዛኛው ንግግሩን፣ ለይቶ ወደ መሃል ይወስደዋል። እሱን አብሩት።

ስለ ፊልሞቹ ራሳቸውም ልንገርሽ። በየሱቁ በፍላሽ የሚገለበጠው ፊልም ሁለት ሰዓቱ አንድ ጊጋባይት ገደማ ነው። ያው ፊልም በብሉሬይ ዲስክ 25 ወይም 50 ጊጋባይት በሚይዝ ዲስክ ላይ ነው የሚቀመጠው። ልዩነቱ የት ሄደ? ጨለማ ትዕይንት ላይ ያለው ጥቁር ወደ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች የሚቆራረጠው፣ ጭስና ውሃ የሚጨማለቀው እዚያ ነው። ያንን ፍላሽ 75 ኢንች ላይ ብትሰኪው አራት ማዕዘኖቹም ይሰፋሉ። በኔትፍሊክስ ከሆነ ኩባንያው ራሱ ለፎርኬ በሰከንድ 15 ሜጋቢት፣ ለፉል ኤችዲ 5 ሜጋቢት ይመክራል፤ ፎርኬውም የሚገኘው በውዱ ጥቅል ብቻ ነው። ኢንተርኔታችሁ ማታ ማታ 5 እንኳ በቅጡ የማይሰጥ ከሆነ ፎርኬ ቲቪ ላይ ፎርኬ እያያችሁ አይደለም።

የእናትሽ ፊልሞች ሁለት ዓይነት ናቸው። የድሮዎቹ የሕንድ ፊልሞች የተቀረጹት በፊልም ጥቅል ነው። ፊልም ጥቅል ውስጥ ብዙ ዝርዝር አለ፣ ስለዚህ ባለመብቶቹ እንደገና አጽድተው የለቀቁትን ካገኛችሁ እናትሽ በወጣትነታቸው ሲኒማ ያዩትን ያህል ሊጠራ ይችላል። ዩቲዩብ ላይ የባለመብቱን ቻናል ፈልጊ፣ 1080 የሚል ምረጪ። በቪዲዮ ካሜራ የተሠሩት የአማርኛ ፊልሞች ግን ሌላ ናቸው። የድሮው ቪዲዮ ምስል 576 መስመር ነው፣ ፎርኬ ቲቪ ደግሞ 2160 መስመር አለው። ቲቪው የሌለውን መስመር በግምት ይሞላል። ለእነሱ ሻርፕነስ የሚለውን ዝቅ አድርጊ፣ ከፍ ሲል ፊት ሁሉ በነጭ መስመር የተከበበ ይመስላል። ትንሽ ለስለስ ብለው ቢታዩ ይሻላል፣ ታሪኩንና ንግግሩን ነው የምትፈልጉት።

አሁን የባለቤትሽ 75 ኢንች። እንዳልኩሽ አልተሳሳተም። ለፊልም የሚመከረው ስክሪኑ ከእይታችሁ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ እንዲይዝ ነው። ሁለት ሜትር ተኩል ላይ 50 ኢንች 25 ዲግሪ ገደማ ነው የሚይዘው፣ ትንሽ ነው። 65 ኢንች 32 ገደማ፣ 75 ደግሞ 37 ገደማ ይይዛል። ስለዚህ ለእሱ ጥሩ ፎርኬ አክሽን 75 አይበዛም። ግን የእናትሽን የድሮ ፊልም ብዙ ለሚያይ ቤት 65 ነው የሚስማማው፣ ጉድለቱን አያጎላውም፣ ዋጋውም ይቀንሳል፣ በተረፈው ደግሞ ከርካሽ 75 የተሻለ 65 ታገኛላችሁ። ርካሹ 75 ብዙ ጊዜ ጥቁሩን ግራጫ ያደርገዋል። ከሚመጣው ዕቁብ እሱ ይገዛ፣ አሁን ካለው የተረፈም ይጨመርበት። ያለው 50 እስከዚያ ድረስ በተስተካከለ ሥዕልና በተሳበ መጋረጃ ከምታውቁት የተሻለ ሆኖ ታዩታላችሁ።

ፕሮጀክተሩን ለአሁኑ እርሱት። ደህና ፕሮጀክተር በጣም ጥሩ ነገር ነው፣ ግን የሚፈልገው ፍጹም ጨለማ ነው። ቀን ልጆቹ ካርቱን ሊያዩ ሲሉ ነጭ ግድግዳ ነው የሚያዩት። በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡት ላይ «9000 ሉመን፣ ፎርኬ ይደግፋል» ተብሎ ይጻፋል። ይደግፋል ማለት ፎርኬ ፊልም ይቀበላል ማለት ነው፣ የሚያወጣው ግን ብዙ ጊዜ 1280 በ720 ነው። ኔቲቭ ሬዞሉሽን የሚለውን (ራሱ የሚያወጣው የምስል ነጥብ ብዛት) እና አንሲ ሉመን የሚለውን (በወጉ የተለካ ብርሃኑ) ሳታዩ አንድም ፕሮጀክተር አትግዙ። ማራገቢያው ድምፅ አለው፣ አቧራም ይጎትታል። ለመስማት ለሚቸገሩ እናት ደግሞ አጠገባቸው የሚያጉረመርም ነገር መጨመር አይሆንም።

ሌላው መብራት ነው። መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው ዕቃ የሚቃጠለው። ጥሩ ስታብላይዘር ግዙ፣ መብራት ሲመጣ ወዲያው ሳይሆን ትንሽ ቆይቶ የሚያስተላልፈውን ዓይነት። ቲቪውም፣ ሳውንድ ባሩም፣ የባሱ ሳጥንም በእሱ በኩል ይሁኑ። ክረምት ላይ መብረቅ ሲበረታ የዲሹንም ገመድ ንቀሉ፣ በእሱ በኩል የሚገባውን ስታብላይዘሩ አያግደውም።

ወንድምሽ። እዚህ ላይ ቶሎ ብለሽ ደውዪለት፣ ሳይገዛ። አሜሪካ መብራቱ 120 ቮልት፣ 60 ኸርትዝ ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርትዝ። የስልክ ቻርጀርና የላፕቶፕ ቻርጀር ሁለቱንም ስለሚቀበል ሰው ሁሉም ዕቃ እንደዚያ ይመስለዋል። ለአሜሪካ ገበያ የሚሸጡ ሪሲቨሮችና የባስ ሳጥኖች ግን ብዙዎቹ 120 ብቻ ናቸው። እዚህ ሶኬት ላይ በቀጥታ የተሰኩ ለታ ያበቃላቸዋል። ትራንስፎርመር ገዝቶ ማውረድ ይቻላል፣ ግን ከዕቃው ዋት እጥፍ ገደማ የሚችል ትልቅ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፣ ይሞቃል፣ ያጉረመርማል፣ ኸርትዙንም አይቀይርም። ሳሎናችሁ ውስጥ የሚያጉረመርም ነገር እያስወጣን ሌላ አናስገባም።

ስፒከሩ ግን ሌላ ነው። የመብራት ገመድ የሌለው፣ ከሪሲቨር በሁለት ሽቦ ብቻ የሚገናኝ ስፒከር ቮልት አያውቅም፣ የትም አገር ይሠራል። አንድ ቀን ሰፊ ቤት ስትገቡ ሪሲቨሩን እዚህ ባለ 220 ገዝታችሁ ከእሱ ጋር ትጠቀሙበታላችሁ። ለዛሬ ግን ይከብዳል፣ የሻንጣ ኪሎም ይበላል፣ ሳሎናችሁም አይፈልገውም። ዲቪዲና ብሉሬይ ማጫወቻም አይሁን፤ ዲስክ የሚሸጠው ዓለምን በክልል ከፋፍሎ ስለሆነ የአሜሪካው ማጫወቻ የእኛን ክልል ዲስክ ላያጫውት ይችላል፣ የእኛው ደግሞ የአሜሪካውን። የፎርኬ ብሉሬይ ዲስኮች ግን የክልል ገደብ የላቸውም።

የሚያመጣላችሁ ነገር ካስፈለገ በዩኤስቢ የሚሠራ የኢንተርኔት ፊልም ማጫወቻ፣ ቀላል ነው፣ ቮልትም አያስጨንቅም፣ የቆየ ስማርት ቲቪ ሲዘገይም ያድናል። ደህና የኤችዲኤምአይ ገመድም ያምጣ። ሳውንድ ባር ካላመጣሁ ብሎ ድርቅ ካለ ደግሞ ካርቶኑን ሳይሆን የዕቃውን ጀርባ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ፣ የባሩንም የባሱ ሳጥንንም ለየብቻ፣ አንዱ ሁለቱንም ቮልት ተቀብሎ ሌላው 120 ብቻ ሊሆን ስለሚችል። «100-240» የሚል በሁለቱም ላይ ካየሽ ያምጣው። በአንዱ ላይ እንኳ «120» ብቻ ከሆነ እዚያው ይተወው።